ግድግዳው ሻግቷል፣ ልጁ ያስለዋል፤ ጥፋተኛው ማን ነው?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ግርጌ፣ በተከራየነው ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነው። የመኝታ ቤቱ የጀርባ ግድግዳ ክረምት በገባ ቁጥር ከታች እየጠቆረ ይመጣል። አምና በበረኪና አጥበን ቀለም ቀባነው፤ ዘንድሮ ሐምሌ ላይ ተመልሶ መጣ። አከራያችን ‹ውሃ እያፈሰሳችሁ ነው› ይላሉ። የ6 ዓመት ልጄ ሌሊት ሌሊት ያስለዋል፣ ደረቱም ሲር ሲር ይላል። እኔ ጠዋት ስነሳ ራሴን ያመኛል፣ ያቅለሸልሸኛል። አብረውን የሚኖሩት አማቴ ድሮ ቲቢ ታክመው ድነዋል፤ አሁን ግን ሳል ከጀመራቸው ወር አልፏል። ኮምቦልቻ እናቴ ቤት ሁለት ሳምንት ስንከርም ልጁም እኔም ተሻለን። ጎረቤቴ ‹ጥቁር ሻጋታ ደም ይመርዛል› ብላ ቲክቶክ ላይ የሚሸጥ መርዝ ማውጫ መድኃኒት አሳየችኝ። የሻጋታ የደም ምርመራ የት ይገኛል? የፈንገስ ኪኒን ልጀምር? ወይስ ቤቱን ልልቀቅ? ለብርዱ ማታ ማታ ከሰል እናስገባለን፤ ግድግዳውንም ያደርቅልናል ብለን ነው።»

ምላሽ፦ ከደብዳቤዎ ሁሉ ያስደነገጠኝ ግድግዳው አይደለም። መጨረሻ ላይ እግረ መንገድዎን የጣሏት የከሰል ነገር ናት። ስለ ሻጋታው በሰፊው እመለስበታለሁ፤ እሱ ሳምንት ቢጠብቅ ችግር የለውም። ከሰሉ ግን ዛሬ ማታ ከመኝታ ቤት ይውጣ።

ጠዋት ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ፣ ከቤት ወጣ ሲሉ ደግሞ ቀለል ማለት፣ በዝግ ክፍል ከሰል አንድዶ የሚያድር ሰው የሚያሰማው ስሞታ ነው። ምክንያቱ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ነው። ሽታም ቀለምም የለውም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ጉልበት ይይዘዋል፤ ከዚያ ኦክስጅን ቦታ ያጣል። ብዙ ሰው ከሰሉን ደጅ ያቀጣጥልና ጭሱ ሲያልቅ፣ ፍሙ ሲቀላ፣ «አሁን ጎጂው ወጥቷል» ብሎ ያስገባዋል። አልወጣም። የወጣው የሚታየው ጭስ ነው። ጋዙ ከቀላው ፍምም ይወጣል፤ በሩ ተዘግቶ፣ የበሩ ሥር በጨርቅ ተወትፎ ሲታደር ደግሞ እየተጠራቀመ ይሄዳል። በደሴ ብርድ ሰው ለምን እንደሚያደርገው አይጠፋኝም። አራስ ቤት ውስጥ ሲደረግ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ጣት ላይ የምትሰካዋ የኦክስጅን መለኪያ በዚህ ጉዳይ ታታልላለች። ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን ደም ኦክስጅን እንደያዘ ደም አድርጋ ስለምታነበው ቁጥሩ «ደህና ነዎት» ሊል ይችላል። ስለዚህ ሐኪም ጋ ሲሄዱ ከሰል እንደሚያነዱ በራስዎ አንደበት ይናገሩ። አንድ ሌሊት ቤት ውስጥ ያለ ሰው ቢደነዝዝ፣ ቢዘባርቅ ወይም አልነቃ ቢል በር ከፍታችሁ ወደ ውጭ አውጡት፤ ከዚያ በቀጥታ ኦክስጅን ወዳለበት ሆስፒታል። ወተት ማጠጣት፣ ሎሚ ማሽተት ጊዜ ማባከን ነው።

ከሰሉ ግድግዳውን ያደርቃል የሚለውም ልክ አይደለም። ለጊዜው ክፍሉን ያሞቀዋል። የሞቀ አየር ብዙ ውሃ ይሸከማል፤ ውሃውን የሚያገኘው ከትንፋሻችሁ፣ ፍሙ ላይ ከተጣደው ጀበናና ከሚንተከተከው ሽሮ ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ፍሙ ሲበርድ ያ ሁሉ ውሃ የሚያርፈው ከክፍሉ ሁሉ ቀዝቃዛ በሆነው ነገር ላይ ነው። እሱም ያው የጀርባ ግድግዳው ነው፤ አንዳንዴም ቆርቆሮው። እጣንና የወይራ ጭስም እንዲሁ ናቸው። ሽታውን ይሸፍናሉ፣ ሻጋታውን አይነኩትም፤ ደረቱ ሲር ለሚለው ልጅ ደግሞ ተጨማሪ ጭስ ናቸው። ቡናውን ያለ እጣን ጠጡ ማለት በወሎ ከባድ ትእዛዝ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢያንስ ልጁ ደጅ ሲጫወት ይጨስ።

አሁን ወደ ኮምቦልቻ። «እዚያ ስንሄድ ተሻለን፣ ስለዚህ ሻጋታው ነው» ብለዋል። ግማሹ ትክክል ነው። ከቤት ሲርቁ የሚለቅ፣ ሲመለሱ የሚነሳ ሕመም ጣቱን ወደ ቤቱ ይቀስራል፤ ሐኪምም ይህን መረጃ ይፈልገዋል። ግን ቤቱ ውስጥ ካለው ነገር የቱ እንደሆነ አይነግርዎትም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ከ1,800 ሜትር ትንሽ ከፍ ብትል ነው። እዚያ ሙቀት ስለሆነ እናትዎ ማታ ከሰል የሚያስገቡ አይመስለኝም። ስለዚህ በጉዞው ከሻጋታው ብቻ ሳይሆን ከከሰሉም፣ ከጭሱም፣ ከራሰው ፍራሽም ነው የራቃችሁት። የእርስዎ ራስ ምታት ከሰሉ ከወጣ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከጠፋ መልሱን አገኙ። የልጁ ሳል ግን በዚያ ብቻ ይጠፋል ብዬ አልጠብቅም።

ሻጋታ በእርግጥ ምን ያደርጋል? የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ስለ ቤት እርጥበትና ሻጋታ ባወጣው መመሪያ ላይ፣ እርጥብ ወይም የሻገተ ቤት ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ለመተንፈሻ አካል ሕመም ምልክቶችና ለአስም ያላቸው ተጋላጭነት እስከ 75 በመቶ ሊጨምር እንደሚችል አስፍሯል። ስለዚህ «ሻጋታ ምንም አያመጣም፣ ብርድ ነው» የሚለው ተሳስቷል። ሻጋታው ዓይን የማያያቸው ብናኞች ይበትናል። እነሱ አፍንጫ ይደፍናሉ፣ ያስነጥሳሉ፣ ዓይን ያሳክካሉ፣ ያስላሉ፤ አስም ያለበትን ሰው ደግሞ ይቀሰቅሱበታል። ልብ ይበሉ፤ መመሪያው እርጥበቱንና ሻጋታውን አንድ ላይ ነው የሚያየው። እርጥብ ቤት ውስጥ ፍራሽና ብርድ ልብስ ላይ የሚራቡ፣ በዓይን የማይታዩ የአቧራ ተባዮችም አሉ። እነሱም አለርጂ ያስነሳሉ። ግድግዳውን አጽድቶ የራሰውን የጥጥ ፍራሽ መተው ግማሽ ሥራ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሻጋታ የማያደርገውንም እንይ። ሰው ጭርትና ቋቁቻ ሲያወጣ ግድግዳውን ሲወቅስ እሰማለሁ። ጭርት ከሰው ወይም ከእንስሳ ይጋባል፤ ቋቁቻ ደግሞ ቆዳችን ላይ ከሚኖር ፈንገስ ነው የሚመጣው። ግድግዳው የለበትም። «ጥቁር ሻጋታ ደም ይመርዛል» የሚለው ወሬም ምንጭ አለው። በ1993 እና 1994 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ክሊቭላንድ ከተማ ውስጥ ጨቅላ ሕፃናት ሳንባቸው ደማ። ጥርጣሬው በአንድ ጥቁር የሻጋታ ዓይነት ላይ ወደቀ፤ ዜናው ዓለምን ዞረ። የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ጉዳዩን እንደገና መርምሮ በ2000 እ.ኤ.አ. ግንኙነቱ አልተረጋገጠም አለ። ማስተባበያውን የሰማው ግን ጥቂት ሰው ነው። የሻጋታ ቀለም አደገኛነቱን አይነግርም። ጥቁሩም፣ አረንጓዴውም፣ ነጩም መውጣት አለባቸው።

የሻጋታ መርዝ በእርግጥ የሚያሰጋው ሌላ ቦታ ነው፤ ምግብ ላይ። ርሶ የሻገተ በቆሎ፣ ለውዝና በርበሬ ጉበት የሚጎዳ አፍላቶክሲን ሊይዝ ይችላል። ፀሐይ ላይ ማስጣትም ሆነ መቁላት አያጠፋውም። የእህሉ ጆንያ ያንን ግድግዳ ተደግፎ ከሆነ የተቀመጠው ዛሬውኑ አንሱት፤ ከሥሩም እንጨት አድርጉበት።

የደም ምርመራውን ይተዉት። አለርጂ መኖር አለመኖሩን ለማወቅ የሚረዱ ምርመራዎች አሉ፤ ግን ውጤቱ የሚደረገውን ነገር አይቀይረውም። ግድግዳው መሻገቱን በዓይንዎ አይተዋል። ቢመረመርም ባይመረመርም መጽዳት አለበት፤ የሻጋታውን ዓይነት ለማወቅ ገንዘብ ማውጣትም አያስፈልግም። የፈንገስ ኪኒን ደግሞ በፍጹም አይጀምሩ። የእርስዎ ችግር ከከሰሉ፣ የልጅዎ ደግሞ ከአየር ቧንቧ መቆጣት ይመስላል እንጂ ሳንባ ውስጥ ፈንገስ ከማደጉ አይደለም። ኬቶኮናዞልን የመሳሰሉ ኪኒኖች ያለ ሐኪም ሲወሰዱ ጉበት ሊጎዱ ይችላሉ፤ ለዚህ ችግር ጥቅም የላቸውም። ስለ ቲክቶኩ መድኃኒት ብዙ አልልም። ሻጋታን ከደም የሚያወጣ መድኃኒት የለም። ብሩን ለአሸንዳ ያውሉት።

ልጁን በዚህ ሳምንት ያስመርምሩት። ሌሊት የሚብስ ሳልና ሲር ሲር የሚል ደረት መጀመሪያ የሚያሳስበው አስምን ነው። አስም ከሆነ ሕክምናው ሽሮፕና አንቲባዮቲክ አይደለም። የሚረዳው በአፍ የሚሳበው «ፓፍ» ነው፤ ለማስታገሻ ሳልቡታሞል፣ ቶሎ ቶሎ ለሚነሳበት ደግሞ በየቀኑ የሚወሰድ እንደ ቤክሎሜታዞን ያለ። «ፓፍ ሱስ ያስይዛል፣ ልብ ያደክማል» የሚለውን ብሂል አይስሙት። ወሎ ውስጥ ይህን ፈርተው ልጃቸውን ሌሊቱን ሲያስጨንቁት የሚያድሩ ወላጆች ብዙ ናቸው። በእርግጥ የ6 ዓመት ልጅ ፓፉን በቀጥታ አፉ ላይ ቢነፉለት አብዛኛው ጉሮሮው ላይ ይቀራል። የግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ቂጡ ተበስቶ፣ ፓፉ በልኩ ተሰክቶበት፣ ልጁ ከጠርሙሱ አፍ በእርጋታ ሲተነፍስ ግን መድኃኒቱ ሳንባው ይደርሳል። ሲመረመር ባለሙያው አሠራሩን እንዲያሳይዎት ይጠይቁ። የጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ ከገባ፣ መናገር ካቃተው ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ግን ለነገ አያሳድሩት።

አማትዎን ከሻጋታው ጋር አያገናኟቸው፤ ቢያንስ አሁን። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል በአገራችን የአክታ ምርመራ ያስፈልገዋል፤ ቀድሞ ቲቢ ለታከመ ሰው ደግሞ እጥፍ ያስፈልገዋል። በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይውሰዷቸው። በመንግሥት ተቋም የቲቢ ምርመራውም ሕክምናውም ነጻ ነው። ቀድሞ መታከማቸውን ይንገሩ፤ በዚህ ጊዜ መድኃኒት የተለማመደ ቲቢ መሆን አለመሆኑን የሚለየው የጂን ኤክስፐርት ምርመራ ያስፈልጋል። መድኃኒት የተለማመደው ዓይነት ሆኖ ቢገኝ እንኳ ሕክምናው ሩቅ አይደለም፤ እዚሁ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ይሰጣል። ውጤቱ እስኪታወቅ ከልጁ ጋር አንድ አልጋ ላይ አይተኙ።

አክታቸው ነጻ ሆኖ ሳሉ ከቀጠለ ግን ሻጋታ እዚህ ላይ ሌላ መልክ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ቲቢ ሲድን ሳንባ ውስጥ ባዶ ጉድጓድ ትቶ የሚሄድበት ጊዜ አለ። አስፐርጊለስ የሚባለው የሻጋታ ዓይነት እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሊያድግ ይችላል። ምልክቱ የቆየ ሳል፣ መክሳት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ደም ያለበት አክታ ነው። ብዙ ጊዜ «ቲቢው ተመለሰ» ተብሎ ያልፋል። ስለዚህ አክታው ነጻ ሲሆን የደረት ራጅ እንዲነሱ ይጠይቁ። የፈንገስ መድኃኒት ሊያስፈልገው የሚችል ሰው ቤታችሁ ውስጥ ካለ እሳቸው ናቸው፤ እሱም በስፔሻሊስት ትእዛዝ ብቻ። በረኪናውንና ፍቆ ማጽዳቱን እሳቸውና ልጁ ባሉበት አታድርጉት።

ወደ ግድግዳው እንምጣ። አምና ያደረጋችሁት ሁሉም ቤት የሚያደርገውን ነው፤ በረኪና፣ ከዚያ ቀለም። በረኪና ሴራሚክና መስታወት ላይ ይሠራል። የጭቃ ግድግዳ ግን ውሃውን ይመጠዋል፤ ላዩ ይነጣል፣ ውስጡ ይርሳል። ጭቃው ውስጥ ያለው ጭድና እንጨቱ ለሻጋታ ምግብ ነው። በዚያ ላይ የዘይት ቀለም ሲደረብ እርጥበቱ መውጫ ያጣል። ሲሚንቶ ልስንም እንዲሁ ነው። ደሴ ውስጥ የጭቃ ቤትን በሲሚንቶ መለሰን እንደ ዘመናዊነት ይታያል፤ ለኔ ግን የብዙ ቤት እርጥበት መነሻው እሱ ነው።

መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ይወቁ። አንድ ፌስታል ቀደው የጠቆረው ቦታ አጠገብ፣ ደረቅ መስሎ ከሚታየው ግድግዳ ላይ፣ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ያሽጉት። አንድ ሁለት ቀን ይጠብቁ። ጠሉ በእናንተ በኩል፣ በፌስታሉ ላይ ካረፈ ውሃው የክፍሉ እንፋሎት ነው። በፌስታሉና በግድግዳው መካከል ካረፈ ከግድግዳው ውስጥ ነው የሚመጣው፤ አከራይዎን ጠርተው ያሳዩአቸው። ሌላም አለ። ግድግዳው ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካዩ አንድ ጠብታ ውሃ ያድርጉበት። ከሟሟ ጨው እንጂ ሻጋታ አይደለም፤ ግን ውሃ ከአፈር እየተሳበ መሆኑን ይመሰክራል።

ከገለጻዎ ስነሣ የእናንተው ከአፈር ነው ብዬ እገምታለሁ። ጦሳ ሥር ያሉ ብዙ ቤቶች ተዳፋቱ ተቆርጦ ነው የሚሠሩት፤ የጀርባ ግድግዳቸው የተራራውን አፈር ተደግፎ ይቆማል። ክረምት ላይ ተራራው የጠጣው ውሃ በዚያ በኩል ይወጣል። ከታች መጥቆሩም ይህንኑ ይናገራል፤ የቆርቆሮ ፍሳሽ ቢሆን ከላይ ከኮርኒሱ ይጀምር ነበር፤ እንፋሎት ቢሆን ደግሞ ከቁም ሳጥን ጀርባና ከማዕዘን። ስለዚህ ዋናው መድኃኒት ያለው ውጭ ነው። ከግድግዳው ጀርባ ያለው አፈር ይነሳ፤ ከቤቱ ወለል ዝቅ ያለ ቦይ ተቆፍሮ ውሃው ወደ ጎን ይሂድ፤ ቆርቆሮው አሸንዳ ይግባለት። ይህ ሳይሆን ውስጡን መቀባት ብር መጣል ነው።

ቦዩ ከተቆፈረ በኋላ የሻገተውን ልስን ደረቅ ጭቃ እስኪገኝ መፋቅ ነው። ከመፋቁ በፊት በትንሹ ውሃ ይርጩበት፤ ደረቁን ከፋቃችሁት ብናኙ ቤቱን ይሞላዋል። ጓንትና ኤን 95 ጭንብል ያድርጉ፤ ተራው የኮሮና ጊዜ ማስክ ለዚህ አይበቃም። በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ወይም ከአሞኒያ ጋር መቀላቀል መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ አታድርጉት። ለእንጨትና ለበር ዱቄት ሳሙናና ብሩሽ ይበቃል፤ ዋናው ከዚያ በኋላ ፈጥኖ ማድረቅ ነው። የራሰ ነገር በ24 እስከ 48 ሰዓት ካልደረቀ ሻጋታ ይጀምራል። የተፋቀው ግድግዳ ሳምንታት አየር ያግኝ። ከዚያ በጭቃ ምርጊት ተመርጎ ኖራ ይቀባ። ኖራ ግድግዳው እንዲተነፍስ ያደርጋል፤ ሻጋታም አይወደውም። ዓይን ያቃጥላልና ሲቀቡ ይጠንቀቁ።

ይህን ሥራ ነሐሴ ላይ አይሞክሩት፤ አይደርቅም። ጊዜው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው፤ የበልጉ ዝናብ ሳይመጣ ያልቃል። እስከዚያው አልጋውን ከዚያ ግድግዳ አርቁት፤ ከተቻለ ልጁ ሌላው ክፍል ይተኛ። መሬት ላይ ያነጠፋችሁት የፕላስቲክ ምንጣፍ ካለ ገልብጣችሁ እዩት። ልብስ ቤት ውስጥ አታስጡ። ፀሐይ ብቅ ባለች ቁጥር በርና መስኮት ይከፈት፣ ፍራሹም ይውጣ።

ቤቱን ልልቀቅ ላሉት መልሴ፦ ዛሬ በድንጋጤ አይልቀቁ። ክረምት ላይ የሚገኘው ሌላ ርካሽ ቤትም ምናልባት ይኸው ነው፤ በጋ ላይ የታየ ደረቅ ግድግዳም ብዙ አይታመንም። የፌስታሉን ውጤት ይዘው አከራይዎን ያነጋግሩ፤ የቦዩን ወጪ እናንተ ችላችሁ ከኪራዩ እንዲታሰብላችሁ ይጠይቁ። ብዙ አከራይ በዚህ ይስማማል። ስምምነቱን በጽሑፍ ያድርጉት። ታኅሣሥ አልቆ ቦዩ ካልተቆፈረ ግን ይልቀቁ፤ አስም ያለበት ልጅ ሌላ ክረምት እዚያ ክፍል ውስጥ እንዲያሳልፍ አልመክርም። ልጁ መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰደ ከብርቱ ሕመም ካልወጣ ደግሞ ታኅሣሥንም አይጠብቁ። ሲለቁ የአልጋውን እንጨት አጥበው መውሰድ ይችላሉ። የራሰውን ፍራሽ ግን እዚያው ይጣሉት፤ በአዲሱ ቤት ደግሞ ከመክፈልዎ በፊት ከቤቱ ጀርባ ዞረው አፈሩ ከወለሉ በላይ መሆን አለመሆኑን ይዩ።